ሳልነክስ የገዛሁት ባቄላ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ጥርሴ ተሰነጠቀ። ረፋዱ ላይ፣ በአያ ፈንቴ ባቄላ።

ድምፁን ሰምቻለሁ። የተሰበረው ባቄላው መስሎኝ ዋጋ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ያመመኝ ያኔ ነው። ስነክስ አይደለም፤ ስለቅ ነው። ከታች በቀኝ በኩል ያለው ትልቁ መንጋጋ። ሕመሙ እንደ መርፌ ገብቶ እስከ ጆሮዬ ሄደና ጠፋ። ባቄላውን መዳፌ ላይ ተፋሁት። ሙሉ ነው፤ ጭረት እንኳ የለበትም።

አያ ፈንቴ ከጥርባ በኩል እህል የሚያመጡልኝ ሽማግሌ ናቸው። እዚህ ኮሶበር መጋዘን ከከፈትኩ ጀምሮ ሌላ ነጋዴ ደጅ ቆመው አያውቁም። «ምነው፣ ረጥቧል እንዴ?» አሉኝ። «ደርቋል» አልኩ። ፊቴን አላበላሸሁም። ገዛሁት፣ ሸኘኋቸው፣ ከዚያ ጓሮ ገብቼ የስልኬን መብራት አብርቼ በመስታወት አየሁ። ጥርሱን ለሁለት የምትከፍል መስመር አለች። ከፀጉር አትወፍርም።

ነገሩን ልጻፈው፤ ሳልጽፈው አይጠራልኝም። እህል የምገዛው በጥርሴ ነው። እጄን ማዳበሪያው መሃል ድረስ ሰድጄ አንድ ፍሬ አወጣለሁ፣ መንጋጋዬ ላይ አድርጌ እነክሳለሁ። ቋ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ጥርስ ከሰመጠበት እርጥብ ነው፤ መጋዘን ገብቶ ይሻግታል፣ አጠገቡ ያለውንም ያበላሻል። ገበሬውም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። የነከሰ ነጋዴ ሊገዛ ነው፤ ያልነከሰ እህሉን ንቋል። ከመነከሱ በፊት ዋጋ የሚጠራ የለም።

በግራ በኩል ያሉትን የታች መንጋጋዎች ድሮ አስነቅያቸዋለሁ። ያኔ ያመመ ጥርስ ይነቀላል፣ በቃ። ስለዚህ የማኝከውም የምነግደውም በቀኙ ነው። ይሄ ከሄደ ሌላ የለኝም።

ምሳ ላይ እንጀራውን በወጥ አርሼ፣ በፊት ጥርሴ ቆራርጬ ዋጥኩት። ባለቤቴ ሁሴን አላወቀም። ነገ ይታያል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ውርጭ። በሩን ስከፍት የገባው አየር ጥርሴን መታው። ሻርፔን አፌ ላይ ጠመጠምኩ፤ ቀኑን ሙሉ እንደተሸፈንኩ ዋልኩ። ሰው ጉንፋን ይመስለዋል። ይምሰለው።

እዚሁ ከተማ ጥርስ የሚነቅለው ሰውዬ ዘንድ ሄድኩ። ግራዎቹን የነቀለልኝ እሱ ነው። አፌን አየና ወዲያው ጓንቱን ማጥለቅ ጀመረ።

«አምስት ደቂቃ ነው እትዬ ዘሀራ። ነቅለን እንገላገላለን።»

«ሌላ መላ የለውም?»

«የተሰነጠቀ ጥርስ? ግድግዳ ነው እንዴ በጭቃ የምለስነው?»

ሳቅሁ። ስስቅ ብርዱ ገባበት፣ ሳቄን ዋጥኩት። አስቤበት እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። አልወቅሰውም። የሚያውቀው መንቀል ነው፤ ያለውን ነው የሚሸጥልኝ። እኔም ባቄላ ብቻ ባለኝ ቀን ስንዴ ለሚፈልግ ሰው ባቄላ አመስግኜ አውቃለሁ።

ለሁሴን ነገርኩት። ልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ፣ ማሽኑን ሳያቆም ነው የሰማኝ።

«አንድ ጥርስ ነው ዘሀራ። ቤት አልተቃጠለ። ይነቀል።»

«አንተ በሁለት በኩል ታኝካለህ» አልኩት።

ማሽኑን አቆመ።

ዳንግላ ውስጥ አንድ ወጣት ሐኪም ጥርስ ያድናል ብለውኛል። ነገ በጠዋቱ ሚኒባስ እሄዳለሁ። ዛሬ የጠቀመኝ ነገር አንድ ብቻ ነው፦ ቅርንፉድ። አንዷን ጉንጬ ውስጥ ስይዝ ለሩብ ሰዓት ያህል እረሳዋለሁ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ዳንግላ ደርሼ ተመለስኩ።

ሐኪሙ ልጅ ነው። የኔ የበኩር ልጅ እኩያ ቢሆን ነው። ግን አይቸኩልም። መንቀያ አላነሳም። አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ቁራጭ ጥርሴ ላይ አድርጎ «ይንከሱ» አለኝ። ነከስኩ። «ይልቀቁ» አለኝ። ስለቅ ከወንበሩ ዘለልኩ።

«ተሰንጥቋል» አለ። «ሲነክሱ ስንጥቁ ይከፈታል። ሲለቁ ተመልሶ ይገጥምና ውስጡን ይቆነጥጠዋል።»

«ይድናል?»

«ከድድ በላይ እስከሆነ ድረስ እንሸፍነዋለን፣ ይኖራል። ከድድ በታች ከወረደ ግን እኔም ከመንቀል ሌላ የማደርገው የለም።»

«አሁን የት ነው?»

«ከላይ ነው ብዬ ነው የማስበው።»

«ምንድን ነው የሚያወርደው?»

«መንከስ።»

ያኔ ሥራዬን ነገርኩት። መጀመሪያ ቀልድ መሰለው።

«በቀን ስንት ፍሬ?»

«ገበያ ሲሆን ስልሳም ሰባም።»

«ለስንት ዓመት?»

«ሃያ ሁለት።»

«ሲበዛ ታግሶዎታል» አለ።

ጥርሱን ዙሪያውን ትንሽ ሞረደው። ሊጥ የመሰለ ነገር በመያዣ ሞልቶ አስነከሰኝና ልኩን ወሰደ። ሽፋኑ የሚሠራው ባሕር ዳር ነው፤ ልኩ በሚኒባስ ይሄዳል፣ ሽፋኑ በሚኒባስ ይመጣል። ቀጠሮዬ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18። እስከዚያ እንዳይከፈት ጥርሱን በቀጭን የብረት ቀለበት አሰረው።

ያዘዘኝ፦

በቀኝ አለማኘክ። ግራ የለኝም አልኩት። «እንግዲያው አያኝኩ» አለኝ።

ትኩስም ቀዝቃዛም የለም።

ከምግብ በኋላ ለብ ባለ የጨው ውኃ መጉመጥመጥ።

ቀለበቱን በምላስ አለመነካካት።

ምንም ነገር አለመንከስ። ይህንን ሦስት ጊዜ ደገመው።

ዐሥር ቀን። ያውም አዝመራ ሲገባ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ሁሴን አፌን አስከፍቶ አየው። «እኔ ካሰርኩልሽ ቀለበት ይሄኛው ሳይሻል አይቀርም፤ አፍሽን ያዘጋል» አለ። መልስ ነበረኝ፤ ለመመለስ ግን አፍ መክፈት ያስፈልጋል።

ዛሬ የበላሁት፦ አጥሚት። የተደቆሰ ድንች። ሙዝ። በሽሮ የራሰ እንጀራ በማንኪያ። በመጀመሪያው ቀን ዳቦ አማረኝ፤ የዳቦ ቅርፊት።

ሦስት ገበሬ ባቄላ ይዞ መጣ። እጄን ማዳበሪያው ውስጥ ሰድጄ ቆየሁ፤ እርጥብ እህል ውስጡ ይቀዘቅዛል። ዘግኜ በሁለት እጄ አንኳኳሁት፤ የደረቀው እንደ ጠጠር ይጮኻል። አሸተትኩት። በጥፍሬ ጫንኩት። አወቅሁት ብዬ እምላለሁ። ችግሩ፣ ገበሬ የሚያየው እጄን አይደለም፣ አፌን ነው።

«አትነክሽውም?» አለኝ አንዱ።

«እጄ ይበቃኛል።»

ማዳበሪያውን መልሶ አሰረና አህያው ላይ ጫነው። ሁለተኛውም ተከተለው። ሁለቱም መንገድ ተሻግረው ከድር መጋዘን ገቡ። ከድር የአባቴ ወንድም ልጅ ነው፣ እህልም ይነግዳል፤ ስለዚህ የምንዋደደው በበዓል ብቻ ነው። ሦስተኛው ሸጠልኝ፤ እሱ ያልሄደው ባቄላው እርጥብ ስለሆነ እንደሆነ ሳልነክስም አውቄዋለሁ። ለብቻው አስቀምጫለሁ፣ ፀሐይ ይመታል።

ለምን እውነቱን አልነገርኳቸውም? የዘሀራ ጥርስ ታመመ ከተባለ የአገሩ እርጥብ እህል ሁሉ ወደኔ ይነዳል። ስለዚህ ዝም።

አርብ፣ ታኅሣሥ 10

ሦስት ነገር ተሳሳትኩ። ሻዩን ሳላቀዘቅዝ ጠጣሁ። ሻርፔን ረስቼ ደጅ ወጣሁ። መፋቂያዬን እንደ ልማዴ በቀኝ ጥርሴ ልልጥ አፌ አጠገብ አድርሼ መለስኩት። እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ይሄዳል፤ የምፈራው እሱን ነው።

ጎረቤቴ ከሁሴን ሰምታ መጣች። የእንቧይ ፍሬ ከሰል ላይ አድርጊ፣ ጭሱን ወደ አፍሽ ሳቢ፣ ትሉ ይወድቃል አለችኝ። ትል የለበትም፣ የተሰነጠቀ ነው አልኳት። «ትል ባይገባበት ይሰነጠቅ ነበር?» አለችኝ። በዚህ የተረታሁ መስሏት ሄደች።

ጁምዓ። ሱጁድ ስወርድ ደም ወደ ጥርሴ ይወርዳል፣ ይመታል። ለልጆቼ ለምኛለሁ፣ ለዝናብ ለምኛለሁ። ለጥርስ ለምኜ አላውቅም ነበር። ዛሬ ለመንኩ፣ ትንሽ አፈርኩ።

ከመጋዘኑ ዛሬም ሁለት ገበሬ ተመለሰ። የባሕር ዳሩ ደንበኛዬ ጭነት ይጠብቃል። እነሱ ካልመጡ እኔ እሄዳለሁ፤ ነገ አዲስ ቅዳም ከተማ ገበያ አለ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ነከስኩ።

ማታ ቤት ገብቼ ነው የምጽፈው።

አዲስ ቅዳም ከጠዋቱ ደረስኩ። ከድርም ነበር፤ አጠገቤ ቆመ። ሆን ብሎ ነው። እሱ ሲነክስ ሰው እንዲሰማ አድርጎ ነው የሚነክሰው፣ ግማሹንም በጉራ ይተፋዋል። እኔ በእጄ፣ በአፍንጫዬ፣ በጥፍሬ። አንዲት ባላገር ማዳበሪያዋን ከፍታ ቆማ አየችኝ።

«ካልነከስሽው ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«አይቼዋለሁ እህቴ፣ ደህና ነው።»

«አይቼዋለሁ ትላለች። ልብስ ነው?»

ሰው ሳቀ። ከድር «ተያት፣ ለሷ ገንፎ ነው የሚያስፈልጋት» አለ። የባሰ ሳቁ። እኔም ከሻርፑ ሥር ሳቅሁ፣ ከመሳቅ ሌላ ምን አለ። ግን ተናድጄ ነበር። ንዴት እኔን እንደማይሸጠኝ ነበር የማውቀው፤ ዛሬ ሸጠኝ።

ቀጥሎ አንድ ሰው ጥሩ ባቄላ ይዞ መጣ፣ ትልልቅ፣ ንጹሕ። ከድር ዋጋ ሊጠራ አፉን ሲከፍት አየሁት። ሐሳቤ ሁሉ እሱ አፍ ላይ ነበር። እጄ ማዳበሪያው ውስጥ ገባ፣ ወጣ፣ ሻርፔን ዝቅ አደረገ። ቋ።

ይሄኛው ሕመም አልጠፋም። የመጀመሪያው መጥቶ ሄዷል፣ ይሄኛው መጥቶ ቁጭ አለ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ቀለበቱ ወደ ጉንጬ በኩል ዘንበል ብሏል፣ ጠርዙ ድዴን ይወጋል። ገበሬው ደስ ብሎት «ደርቋል አይደል?» ይለኛል። አዎ አልኩት ራሴን ነቅንቄ። ባቄላውን ገዛሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ከዚህ ወዲያ ትቼው ብሄድ ይቆጨኝ ነበር መሰለኝ።

ከድር አየኝ። አልሳቀም። «ምን ሆነሻል ዘሀራ?» አለኝ። ሻርፔን መልሼ ጠመጠምኩ። ወደ ቤት በሚወስደኝ ሚኒባስ ውስጥ ጉንጬን በመዳፌ ደግፌ፣ በየጉድጓዱ ዓይኔን ጨፍኜ መጣሁ።

አራት ቀን እንኳ አልጠበቅሁትም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ያለማቋረጥ ይመታል። ማስታገሻው ግማሽ ያደርገዋል፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ይመለሳል። ምላሴ የታችኛውን ረድፍ እንዳይነካ ወደ ላይ አጥፌው ነው የምውለው። ስናገር የሰከርኩ እመስላለሁ።

ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። ከመጋዘኑ፣ ከመስጊዱ በር፣ ከዳገቱ ላይ። የለም። መልእክት ጻፍኩ፦ «ነከስኩ። ቀለበቱ ተጣመመ። ምን ላድርግ?» አልሄደም። ቀይ ምልክቱ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

በአካል ልሄድ መናኸሪያ ወረድኩ። የዳንግላ መንገድ ዛሬ ዝግ ነው አሉ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ የሚያውቅም አልነበረም። መቼ ይከፈታል ላልኳቸው ትከሻቸውን ሰበቁ። ሽፋኑም በዚሁ መንገድ ነው የሚመጣው።

እናቴን አስታወስኩ። በመጨረሻ ዓመቶቿ አንድም መንጋጋ አልነበራት። ሰርግም ለቅሶም ትሄዳለች፣ ትሪው ሲቀርብ «በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለች፣ ቤት ገብታ ብቻዋን አጥሚት ትጠጣለች። ያኔ ኩራት ይመስለኝ ነበር። አሁን ገባኝ። እኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ጉንጬ አብጧል። ጠዋት ሁሴን ሲያየኝ ጫማውን አደረገና «ተነሺ» አለኝ።

ሄድኩ። እውነቱን ልጻፍ፣ በራሴ እግር ነው የሄድኩት፣ በመንገድ ላይ አንድ ቃል አልተከራከርኩም። ይነቀል። እንዲያው ይሄ መምታቱ ይቁም። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ራሴን ወደ ኋላ ጣልኩ፣ አፌን ከፈትኩ። ነቃዩ ማደንዘዣውን በመርፌ ሞልቶ ወደ ብርሃን አነሳው።

ያኔ ነው ልቤ ቀዝቀዝ ያለው። የእህል ሲሆን ሁልጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ አለኝ፣ ይሄ ቢበላሽ ማን ይረከበዋል? እጁን ያዝኩት።

«ስትነቅለው ለሁለት ቢከፈልና ሥሩ ቢቀርስ?»

«እንዲያ ያለ ነገር…» አለና መርፌውን ዝቅ አደረገ። «የተሰነጠቀ ሲሆን ያጋጥማል።»

«ካጋጠመስ?»

«ያኔ ዳንግላ ነው የምልክዎት። ወይ ባሕር ዳር።»

«በየትኛው መንገድ?»

ሁሴንን አየው፣ ሁሴን መሬት አየ።

«መጨረሻዬ ዳንግላ ከሆነ ጥርሴን ይዤ ልሂድ» አልኩና ተነሳሁ። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ አልተቆጣም። ድዴን አየልኝ፤ መግል አልያዘም፣ ቀለበቱ ስለሚወጋው ነው ያበጠው አለ። ከዚያ በፊት ይህን እንዲያይ የጠየቀው አልነበረም።

ቤት ገብቼ ኩሽና ውስጥ አለቀስኩ። ቆሜ፣ ድምፅ ሳላሰማ፤ አፍ ከፍቶ ማልቀስም አይቻለኝም። ወንበሩ ላይ ጎበዝ ነበርኩ። ጉብዝናው ግን ሕመሙን አንድ ጥፍር አልቀነሰውም። ልክ ሠርቼ ይሁን ወይም ደንቁሬ፣ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። መልእክቴ ሄዶ ነበር፤ ሐኪሙ ራሱ ደወለ።

አልተቆጣኝም። ብዙ ጠየቀኝ። ትኩሳት አለ? የለም። አፍዎ ይከፈታል? ይከፈታል። መዋጥ ያስቸግራል? አያስቸግርም። «ቀለበቱን በእጅዎ ለማስተካከል አይሞክሩ። የጨው ውኃውን ይቀጥሉ። እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከሄደ፣ ወይ ትኩሳት ከመጣ፣ እኔን አይጠብቁ፤ ቀጥታ እዚያው ሆስፒታል ይግቡ።»

«ወርዷል?» አልኩት።

«ምኑ?»

«ስንጥቁ። ከድድ በታች።»

«በስልክ አይታይም እትዬ።»

ሽፋኑ ተሠርቷል፣ ግን ገና ከባሕር ዳር አልወጣም። መንገድ። ቅዳሜ ይደርሳል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። እኔም ተስፋ ማድረግ ሌላ ሥራዬ ሆኗል።

እብጠቱን በየሰዓቱ በጣቴ እለካዋለሁ። ዛሬ ማታ ከጠዋቱ አልበለጠም። አልሐምዱሊላህ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15

አያ ፈንቴ መጡ። ከባለቤታቸው ከእትዬ ጥሩዬ ጋር፣ በሁለት ፈረስ ባቄላ ጭነው። ጉንጬን ሲያዩ ለሚስታቸው በአገውኛ አንድ ነገር አሏት፤ ግማሹን ሰማሁት። የኛ ባቄላ ነው ይህን ያደረጋት ነው ያሏት።

መደበቅ ደከመኝ። ነገርኳቸው። ጥርሱን፣ ቀለበቱን፣ አዲስ ቅዳምን፣ ሁሉንም።

አያ ፈንቴ «ታዲያ እኛን አታስነክሺንም?» አሉኝ።

አስቤው አላውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የነከስኩት እኔ ነኝ። «እንግዲያው ይንከሱልኝ» አልኳቸው። ባቄላውን ከመሃል ራሴ መርጬ አወጣሁና ሰጠኋቸው። አያ ፈንቴ ፈገግ አሉ። ከፊት ሦስት ጥርስ፣ ከኋላ ባዶ። «እኔማ ቆሎ ከተውኩ ስንት ዘመኔ» አሉ። «በእሷ አፍ ነው የምበላው።»

«እኔ ባልኖር አፈር ትበላ ነበር» አለች እትዬ ጥሩዬ። ባቄላውን ወስዳ ነከሰች። ቋ። ዓይኗን እያየሁ ነበር፣ ጆሮዬንም ጥዬ ነበር። ሌላ ከታች አወጣሁ። ቋ። ከሌላ ማዳበሪያ ያወጣሁት ሦስተኛው አልጮኸም። ፊቷ ተለወጠ፣ ባሏን አየች።

«ይሄ ከጥግ ያለው ነው» አሉ አያ ፈንቴ፣ አፍረው። «ጤዛ ነክቶታል። ሳናውቅ ነው።»

ያንን ማዳበሪያ ለየነው፣ ሌላውን ገዛሁ። ሌላ ሰው ቢነክሰው ዋሽቶ «ደርቋል» ይለኝ ነበር ብዬ ነበር የምፈራው። ድምፅ ግን አይዋሽም፣ ፊትም ቶሎ አይዋሽም። እኔ ስነክስ ዓይኔ ሥራ ፈትቶ ነበር ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ የመጡትን ሁሉ አስነከስኳቸው። አንዱ ስቆ፣ አንዱ እየተቆጣ፣ ሁሉም ነከሱ። ማንም ወደ ከድር አልተሻገረም። ከጥርሴ ሌላ ሁሉ ነገር ደህና የሆነበት ቀን።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16

እብጠቱ ቀነሰ። ይሄ ግን አላስደሰተኝም፤ ሕመሙ ሌላ ሆኗል። መምታቱን ትቶ ጥርሱ ረዝሞ የቆመ ያህል ይሰማኛል፣ አፌን ስገጥም ቀድሞ የሚነካው እሱ ነው። ጠዋት ከንፈሬን ከፍቼ ስተነፍስ ብርዱ አልተሰማኝም። ትናንት ይሰማኝ ነበር። ሞቶ ይሆን? የሞተ ጥርስ ይሸፈናል? ይህን ለሐኪሙ ጻፍኩለት። አልሄደም።

ዳንግላ ዛሬ መኪና ገብቷል አሉ። ሌላው ደግሞ አልገባም አለ።

ሁሴን ድንች ቀቅሎ በሻይ ማጥለያ ሲያጠልለው አገኘሁት። እንደ ሕፃን። አየሁት፣ አየኝ፣ ማጥለሉን ቀጠለ። ሥጋ መረቅ ጨምሮበት ነበር። ሁለት ሳህን በላሁ።

አርብ፣ ታኅሣሥ 17

መንገዱ ክፍት ነው። ሹፌሩ በዓይኑ አይቶ መጥቷል።

አሁን ደግሞ መሄዱን ፈራሁ። እስካልታየ ድረስ ጥርሴ አለ። ነገ ያ ልጅ ቀለበቱን ይፈታል፣ ያያል፣ አንድ ቃል ይናገራል። ወርዷል ወይም አልወረደም።

ሻንጣ አያስፈልገውም፣ ግን አዘጋጅቻለሁ። ሻርፕ ሁለት። ቅርንፉድ። ማስታገሻ። ሙዝ። ይህ ደብተር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18

ዳንግላ መናኸሪያ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ እየጠበቅሁ ነው። አራት ሰው ይቀራል። ከንፈሬ በድን ነው፣ ምራቄ ሲወርድ አላውቅም፤ በሻርፔ እየጠረግሁ እጽፋለሁ።

ማደንዘዣ ወጋኝ፣ ቀለበቱን ፈታ። ሲፈታው አንድ ነገር አብሮ መጣ። ትንሽ ነጭ ስባሪ፣ በመቆንጠጫው ጫፍ። የኔ ጥርስ ነው። ወንበሩን በሁለት እጄ ጨበጥኩት። እሱ ስባሪውን ጨርቅ ላይ አስቀምጦ በመስታወቷ ወደ ውስጥ አየ። ረጅም ጊዜ አየ። ቀጭን ብረት በድዴ ዙሪያ አስኬደ፣ እያንዳንዱን ቦታ እየነካ። እኔ ጣራው ላይ ያለውን መብራት እመለከት ነበር። እንዲናገር አልፈለግሁም።

«በምላስ በኩል ከድድ በላይ ነው የቀረው» አለ። «በጉንጭ በኩል ትንሽ ወርዷል። በጣም ትንሽ።»

«ትንሽ ማለት?»

«የጥፍር ውፍረት ያህል።»

«ይነቀላል?»

መስታወቷን እንደገና አስገብቶ አየ፤ ለዚህ አመሰገንኩት። «አልነቅለውም። ውስጡ ሞቷል፣ ሥሩን አጸዳዋለሁ፣ የጎደለውን እሞላዋለሁ። ግን ቃል አልገባልዎትም።»

ቃል የማይገባ ሰው እወዳለሁ። ሥራ አለው ማለት ነው። «ሥራው» አልኩት።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ሠራ። ከባሕር ዳር የመጣው ሽፋን በትንሽ ሣጥን ውስጥ ነበር፣ የሚያምር፣ ነጭ። ሞክሮ አየው፤ አልገጠመም። ልኩ የተወሰደው ስባሪው ሳይወጣ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አዲስ ቅዳም ላይ የነከስኳት አንዲት ባቄላ ናት። እሱ ግን እንዲህ አላለም። እንደገና ልክ ወሰደ። እንደገና ቀለበት አሰረ፣ ይሄኛው ወፍራም ነው። እንደገና ዐሥር ቀን።

በመጨረሻ ሰማያዊ ወረቀት ጥርሴ ላይ አደረገና «ይንከሱ» አለኝ።

አልነከስኩም። አልቻልኩም። መንጋጋዬ ተቆልፎ ቀረ።

«የሞላሁት ረዝሞ እንደሆነ ለማየት ነው። ቀስ ብለው።»

ሞከርኩ። ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ልጁ አንዴም አልቸኮለም፤ ወረቀቱን ይዞ ቆመ። በሦስተኛው ዓይኔን ጨፍኜ ገጠምኩት። ወረቀቱ ሲጨመቅ ሰማሁ። ከዚያ መልቀቅ አለ፤ የሚያመኝ ስለቅ ነው። ቀስ ብዬ ለቀቅሁ።

ምንም።

ከደስታ በፊት ግን አሰብኩ። ማደንዘዣ ነው። ደንዝዞ ያላመመ ነገር ምንም አያስረዳም። ጠየቅሁት፣ መቼ ይለቃል? ሁለት ሰዓት፣ ምናልባት ሦስት። ሲለቅ የድድ ሕመም ይኖራል፣ ይጠፋል። ያ እንደ መርፌ የሚገባው ከተመለሰ ግን ልደውልለት ነው።

ከወጣሁ ሁለት ሰዓት ሊሆነኝ ነው። ሚኒባሱ ሞላ፣ ሹፌሩ ገባ። የከንፈሬ ጥግ መንዘር ጀምሯል፣ ጉንጬ ላይ የሻርፔ ክር ይሰማኛል። እየተመለሰ ነው። አገጬም ተሰማኝ።

ጥርሴ እስካሁን ዝም ብሏል።